ሰፊ እግርና ልክ የሆነ ጫማ፦ በጎልማሳነት የበረዶ ሸርተቴ ጫማ ስለ መምረጥ

(ባሕር ዳር ላይ ለጎልማሳ የስኬቲንግ ጀማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤ በዚህ አዳራሽ ቆሜ እንድናገር ስለ ጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት አመሻሽ ላይ በጣና ዳር ባለው አስፋልት ላይ ባለ ጎማ ጫማ አድርጋችሁ ስትለማመዱ ተመልክቻለሁ። አብዛኞቻችሁ እንደ እኔ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የጀመራችሁ ናችሁ፤ ከመካከላችሁም ለትምህርት ወይም ልጆቻችሁን ለመጠየቅ ወደ ቀዝቃዛ አገር ስትሄዱ በበረዶ ላይ ለመሞከር የምታስቡ አላችሁ። ከብዙዎቻችሁ የሰማሁት ስሞታ ግን አንድ ዓይነት ነው፤ «ጫማው ከጎን ይይዘኛል፣ ስለዚህ ከቁጥሬ ከፍ አድርጌ ገዛሁ፣ አሁን ደግሞ ተረከዜ ውስጡ ይዋልላል» የሚል ነው። የዛሬው ንግግሬ ከዚህ ስሞታ አይወጣም። ሰፊ እግር ያለው ጎልማሳ ለበረዶ ሸርተቴ፣ በተለይም ፊገር ስኬቲንግ ለሚባለው የመሽከርከርና የመዝለል ስፖርት የሚስማማውን ጫማ እንዴት እንደሚመርጥ የማውቀውን እነግራችኋለሁ። ከምነግራችሁ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትወጡ ቢሆን ይህን እንዲሆን እመርጣለሁ፦ ርዝመትና ስፋት ሁለት የተለያዩ ልኮች ናቸው፤ የስፋት ችግር በርዝመት አይፈታም።

ስሕተቱን የተማርነው በልጅነታችን ይመስለኛል። እኔ ያደግሁት ደንበጫ ነው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ጫማ ሲገዛልን፣ እናቴ ጫማውን አጥልቃልኝ ከተረከዜ በስተኋላ አውራ ጣቷን ታስገባና ጣቷ ሳይጨናነቅ ከገባ «ግድ የለም፣ ታድግበታለች» ትል ነበር። ጫፉ ላይ ጨርቅ ይጠቀጠቃል፤ በሁለተኛው ዓመት ጫማው ልክ ይሆናል፤ በሦስተኛው ይጠብና ለታናሼ ይተላለፋል። ብዙ ልጅ ላለበትና ገንዘብ ለሌለበት ቤት ይህ አስተዋይነት ነው፤ እናቴን የምወቅስበት አንዳች ነገር የለኝም። ዳሩ ግን ያ ልማድ ከእኛ ጋር አብሮ አደገ። ዛሬ እግራችን ማደጉን ካቆመ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላም ጫማ ቤት ገብተን ትርፍ ቦታ እንፈልጋለን፤ ትርፍ ቦታ ያለውን ጫማም «ምቹ ነው» እንላለን። ለመንገድ ጫማ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ለበረዶ ሸርተቴ ግን ትልቅ ጉዳት ነው።

የእግራችን ስፋትም የራሱ ምክንያት አለው። ባዶ እግሩን ያደገ ሰው ጣቶቹ እንደ ልባቸው ተዘርግተው መሬቱን ስለሚይዙ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጠባብ ጫማ ካደረገ ሰው ይልቅ እግሩ ከፊት በኩል ሰፋ ይላል፤ ይህን በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም አሳይተዋል። እኔ እስከ አሥራ አንድ ዓመቴ ድረስ ጫማ የማደርገው ለትምህርት ቤትና ለበዓል ብቻ ነበር፤ ከብት ስጠብቅም፣ ውኃ ስቀዳም፣ በክረምቱ ጭቃ ስመላለስም እግሬ ባዶ ነበር። በዚህ ላይ ሁለት ልጆች ወለድሁ። በእርግዝና ወቅት የእግርን አጥንቶች የሚያያይዙት ጅማቶች ይላላሉ፣ ክብደትም ይጨምራል፤ ስለዚህ የብዙ እናቶች እግር ከወለዱ በኋላ ረዘምና ሰፋ እንዳለ ይቀራል። ዕድሜም የውስጥ እግርን ቅስት ቀስ በቀስ ዝቅ ያደርገዋል። እንግዲህ በሃያ ዓመቷ የተለካች ሴት በአርባ ዓመቷ ያንኑ ቁጥር ብትጠራ ያለፈ ዘመን ልኳን መጥራቷ ነው። ሰፊ እግር በተለይ ለሴት ልጅ እንደ ነውር ሲነገር እየሰማሁ ስላደግሁ፣ እግሬን በሰው ፊት ማስለካት ለረጅም ጊዜ ያሳፍረኝ ነበር። ይህን የምናገረው ከእናንተም መካከል በዚሁ ምክንያት ሳይለካ የሚገዛ ሰው እንደማይጠፋ ስለማምን ነው።

የእግርና የጫማ አለመስማማት ለእኛ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ቀን ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ፣ አስቀድሞ የቀረቡለትን ጫማዎች ሞክሮ ለእግሩ የሚስማማ አላገኘም ነበር። በባዶ እግር መለማመድን ያውቅበት ስለነበረ የማይስማማውን ጫማ ከማድረግ ይልቅ ባዶ እግሩን መረጠ፤ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማ አድርጎ አሸነፈ። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ጫማው ሲያስቸግር እግሩን ጥፋተኛ አለማድረጉን ነው። የአስፋልት ሯጭ ጫማውን ሊተው ይችላል፤ በረዶ ላይ የሚንሸራተት ሰው ግን ይህ ምርጫ የለውም፤ ስለዚህ ጫማውን ለእግሩ እንዲስማማ ማድረግ ግዴታው ነው።

ለመሆኑ የበረዶ ሸርተቴ ጫማ ከሌላው በምን ይለያል? ቀድሞ ሰዎች በረዶ ላይ የሚንሸራተቱት የብረቱን ስለት ከዘወትር ጫማቸው ሥር በጠፍር አስረው ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1860ዎቹ ጃክሰን ሄንስ የተባለው አሜሪካዊ ስለቱን ከጫማው ጋር አጥብቆ በማያያዝ መዝለልንና መሽከርከርን ከሙዚቃ ጋር አዋሕዶ በአውሮፓ ከተሞች አሳየ። ስለቱና ጫማው አንድ አካል ከሆኑ ወዲህ፣ በእግርና በስለት መካከል የሚቀረው ብቸኛ ነገር የጫማው ልክነት ነው። ስለቱ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከሥሩ በመሐሉ ስለተቦረቦረ ግራና ቀኝ ሁለት ጠርዝ አለው፤ ሰውየው የሚቆመውም አብዛኛውን ጊዜ በአንደኛው ጠርዝ ላይ ነው። እግሩ በጫማው ውስጥ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ወዲያና ወዲህ ካለ፣ ቁርጭምጭሚቱ ያዘዘውን ጠርዙ አይሰማውም። ባለ ጎማው ጫማም በዚሁ ሕግ ይገዛል፤ ጎማው ሰፋ ስለሚል ስሕተትን ትንሽ ይሸፍናል እንጂ አያጠፋውም።

የራሴን ጉዳይ ልንገራችሁ። በረዶ ላይ የወጣሁት በአርባ አንድ ዓመቴ፣ ካናዳ በምኖርበት ከተማ ነው። የመጀመሪያ ጫማዬን ለመግዛት ወደ አንድ ትልቅ የስፖርት ዕቃ መደብር ሄድሁ፤ ሻጩ ወጣት እግሬን ሳይለካ የመንገድ ጫማ ቁጥሬን ጠየቀኝና ያንኑ አመጣልኝ። ከጎን ጠበበኝ። አንድ ቁጥር ጨመረልኝ፤ አሁንም ጠበበኝ። ሦስት ቁጥር ከጨመረልኝ በኋላ ሕመሙ የሚቻል መሰለኝና ከፍዬ ወጣሁ። ስድስት ወር ሙሉ ተረከዜ ውኃ ይቋጥር ነበር፤ ቁርጭምጭሚቴ ወደ ውስጥ ይወድቃል፤ ትንሿ ጣቴ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ትደነዝዛለች፤ በአንድ እግር መቆም ፈጽሞ አልቻልሁም። እኔም «ዕድሜዬ ነው፣ ቁርጭምጭሚቴ ደካማ ነው» ብዬ ተቀበልሁት። ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ገንዘቡ ሳይሆን፣ የጫማውን ጥፋት በገዛ አካሌ ላይ መጫኔ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በአንድ ከሰዓት የገዛሁትን ስሕተት ለማረም ከግማሽ ዓመት በላይ ፈጀብኝ።

ስሌቱን ኋላ ስሠራው ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። እኛ በምንጠቀምበት የአውሮፓ የጫማ ቁጥር፣ ከ38 ወደ 39 ስንሄድ ርዝመቱ የሚጨምረው 6.7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የሶሉ ወርድ ግን በዚያው አንድ ቁጥር የሚሰፋው 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የእኔ እግር ከተለመደው ፎርማ፣ ማለትም ጫማ ከሚሠራበት የእግር ቅርጽ፣ በ1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል። ሦስት ቁጥር ስጨምር ርዝመቱ በ2 ሳንቲ ሜትር አለፈኝ፤ ወርዱ ግን የሚያስፈልገኝን ግማሽ እንኳ ለማድረስ ተቸገረ። ስለዚህ ጫማው በአንድ ጊዜ ረዥምም ጠባብም ነበር። ሁለቱ አብረው ሊሆኑ እንደሚችሉ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ!

ይህን ያስረዳኝ አንድ በዕድሜ የገፉ የጫማ ባለሙያ ናቸው። ወደ ሱቃቸው ስገባ ቁጥሬን አልጠየቁኝም፤ አስቀምጠው ካልሲዬን አስወለቁኝ፣ ከዚያም ወረቀት ላይ አቁመው ዙሪያውን በእርሳስ አሰመሩ። ደንበጫ ላይ አጎቴ ጫማ ሰፊ ነበርና በልጅነቴ ሲሠራ አጠገቡ እቀመጥ ስለነበረ፣ ያ እርሳስና ያ ወረቀት እንግዳ አልሆኑብኝም። አጎቴ በአውራ ጣቱ ሥር አጥንት የወጣበት ደንበኛ ሲመጣ፣ በፎርማው ላይ በዚያ ቦታ ልክ የቆዳ ቁራጭ ይለጥፍና ቶማያውን፣ ማለትም የጫማውን የላይኛ ቆዳ፣ በዚያ ላይ ይወጥር ነበር፤ ጫማው ሲወጣ እብጠቱ ያለበት ቦታ ብቻ ሰፍቶ ሌላው ሁሉ ልኩን ጠብቆ ይቀራል። እኒያ ባለሙያም ያደረጉልኝ በመሠረቱ ይህንኑ ነው። የእኔ ቀኝ እግር ርዝመቱ 248 ሚሊ ሜትር፣ ግራው 245፣ የሁለቱም ወርድ 104 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ተረከዜ ግን ጠባብ ነው አሉኝ።

ልኩን ቤታችሁ ልትወስዱት ትችላላችሁ፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። የምትለኩት ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ ይሁን፤ እግር በቀኑ ውስጥ ያብጣልና የጠዋት ልክ ያታልላል። ወረቀቱን ወለሉ ላይ ከግድግዳው ጋር አስጠግታችሁ አድርጉ፤ ተረከዛችሁን ግድግዳው ላይ አስደግፋችሁ፣ ክብደታችሁን በሚለካው እግር ላይ ጥላችሁ ቁሙ። ተቀምጦ የተለካ እግር ከቆመው እግር ያነሰ ይሆናል፣ በተለይ በወርዱ። እርሳሱን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሌላ ሰው ያስፈልጋችኋል፤ እናንተ ጎንበስ ስትሉ ክብደታችሁ ይዛወራልና። ከግድግዳው እስከ ረዥሙ ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት ነው፤ ረዥሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት እንዳልሆነም አትርሱ። ወርዱ የሚለካው ከአውራ ጣት ሥር ካለው አጥንት እስከ ትንሿ ጣት ሥር ድረስ ነው። በዚያው ቦታ ላይ ደግሞ በልብስ ሰፊ ሜትር ዙሪያውን ለኩ፤ ምክንያቱም አንዳንዱ እግር በወረቀት ላይ ሰፊ ሳይመስል ከፍታው ብዙ ነው፤ የእግሩ ጀርባ ከፍ ያለ ሰው «ጠበበኝ» የሚለው ከጎን ሳይሆን ከላይ ነው። ሁለቱንም እግር ለኩ፤ ርዝመቱን በረዥሙ፣ ወርዱን በሰፊው ያዙ።

ከዚህ በኋላ ቁጥር የሚባለው ነገር ትርጉም ያገኛል። የፊገር ስኬቲንግ ጫማ ከሚሠሩት መካከል የጣሊያኖቹ ኤዲያና ሪስፖርት፣ የካናዳው ጃክሰን፣ የአሜሪካው ሪደል የታወቁ ናቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ርዝመቱን በቀጥታ በሚሊ ሜትር ይጽፋሉ፤ ሌሎቹ የራሳቸው ቁጥር አላቸው፣ ያም ብዙውን ጊዜ ከመንገድ ጫማ ቁጥር አንድ ወይም ከዚያ በላይ ያነሰ ነው። ስለዚህ የመንገድ ጫማ ቁጥራችሁን ለሻጭ መንገር ልክ እንደ እኔ ያሳስታችኋል፤ ሚሊ ሜትሩን ንገሩት። ወርዱን ደግሞ በላቲን ፊደላት ያመለክታሉ፤ ወደ ኤ የቀረበው ጠባብ፣ ወደ ዲና ወደ ኢ የሄደው ሰፊ ነው። የአንዱ ሠሪ ሲ ከሌላው ሲ ጋር እኩል ስላልሆነ ፊደሉን ብቻ አትመኑ፤ የዚያኑ ሠሪ የልክ ሰንጠረዥ ከወረቀታችሁ ጋር አስተያዩ። ርካሾቹ ጫማዎች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወርድ ብቻ ይሠራሉ፤ ሰፊ እግር ላለው ሰው መከራው የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው።

ለሴቶች አንድ ልጨምር። የወንዶች ፎርማ በአንድ ዓይነት ርዝመት ከሴቶች ፎርማ ይሰፋል። በልማድ የሴት ጫማ ነጭ፣ የወንድ ጥቁር ስለሆነ ብዙ ሴት ጥቁሩን መሞከር እንኳ አታስብም፤ ነጩ ጫማ በዓለም የተስፋፋው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1928፣ በ1932 እና በ1936 የኦሎምፒክ ወርቅ ባገኘችው ኖርዌያዊት ሶንያ ሄኒ ዘመን ነው፤ ከልማድ በቀር ሌላ ሥር የለውም። እኔ ዛሬ የማደርገው ጥቁር የወንድ ጫማ ነው። ከሁሉ ቀድሞ እግሬን በሰላም ያስገባልኝ እርሱ ነበር።

ይሁንና ሰፊ ጫማ ማግኘት የጉዳዩ ግማሽ ነው። የእኛ ዓይነቱ እግር ብዙውን ጊዜ ከፊት ሰፊ፣ ከተረከዙ ጠባብ ነው። ወርዱ ሁሉ የሰፋ ጫማ ሲገዛ ጣቶቹ ያርፋሉ፣ ተረከዙ ግን መዋለል ይጀምራል፤ በበረዶ ላይ ደግሞ ከጣት ይልቅ ተረከዝ ነው የሚያዝዘው። ከፊት ሰፊ ከኋላ ጠባብ አድርገው በትእዛዝ የሚሠሩ ሠሪዎች አሉ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ የሚጠበቀውም ጊዜ ረዥም ነው። ያን ለማይችል ሰው የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ጫማውን ተረከዛችሁን በሚይዘው ልክ ምረጡ፤ ከፊት የሚቀረውን ጥቂት ጥበት በሙቀትና በመወጠር አስፉት። ቆዳን ከፊት ማስፋት ይቻላል፤ የሰፋን ተረከዝ ማጥበብ ግን በጣም አስቸጋሪ ነው፤ ከተረከዙ ዙሪያ የሚለጠፍ ስፖንጅ ጥቂት ይረዳል፣ እርሱም ቶሎ ያልቃል።

ጫማውን ስትሞክሩ ቀጭን ካልሲ አድርጉ። ወፍራም ካልሲ ለሙቀትም ለልስላሴም አይጠቅምም፤ እግርን በጫማው ውስጥ ያንሸራትታል። ክሩ ሳይታሰር ጣታችሁን እስከ ፊቱ ግፉና ከተረከዛችሁ በስተኋላ ያለውን ክፍተት ፈትሹ፤ እናቴ አውራ ጣቷን ታስገባበት በነበረው ቦታ ላይ የእርሳስ ውፍረት ያህል ብቻ ሊቀር ይገባል። አውራ ጣት ከገባ ጫማው ረዥም ነው፣ ሌላው ሁሉ ቢመቻችሁም አትግዙት። ከዚያ ተረከዛችሁን ወደ ኋላ መታ መታ አድርጋችሁ አስቀምጡና እሰሩ። ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ጣታችሁ የጫማውን ፊት በቀስታ ይነካል፤ ጉልበታችሁን ስታጥፉ ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል። ጣታችሁ ታጥፎ ከተኮማተረ አጭር ነው። በጣቶቻችሁ ስትቆሙ ተረከዛችሁ ከመቀመጫው መነሣት የለበትም።

ስለ ስፋቱ የሚመሰክረው ክሩ ነው። ከታሰረ በኋላ ግራና ቀኝ ያሉት የክር ቀዳዳዎች ሁለት ትይዩ መስመር ሠርተው በመካከላቸው ሦስት ወይም አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ቢቀር መልካም ነው። ሊነካኩ ከደረሱ ጫማው ሰፍቶባችኋል፤ ቆዳው በልምምድ ሲላላ ክሩን ይበልጥ ማጥበቂያ ቦታ አይኖርም። በአንዱ ቦታ ጠበው በሌላው ከተፈረከኩ፣ በተፈረከኩበት ቦታ እግራችሁ ከጫማው በልጧል ማለት ነው። ሌላም ጥሩ ምስክር አለ፤ የውስጥ ሶሉን አውጥታችሁ ወለል ላይ አድርጉና ቁሙበት። ሥጋ ጥቂት ቢያልፍ ቆዳው ይቀበለዋል፤ አጥንቱ ከሶሉ ጠርዝ ከወጣ ግን ያ ጫማ በሙቀትም አይድንም። እኔ የመጀመሪያ ጫማዬን ሶል እንዲህ ባየሁ ጊዜ፣ ትንሿ ጣቴ ሙሉ በሙሉ ውጭ ነበረች፤ ከፊቴ ደግሞ ሁለት ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ነበር።

በሱቁ ውስጥ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ አድርጋችሁት ቆዩ። አዲስ ጫማ ጥብቅ ብሎ መያዙ ደግ ነው፤ ልክ እንደ ጠንካራ መጨባበጥ ከሁሉም ጎን እኩል የሚሰማ መሆን አለበት። አንድ ነጥብ ላይ የሚያቃጥል፣ የሚወጋ ወይም የሚያደነዝዝ ሕመም ግን «ይለምዳል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ድንዛዜ በጣቶች መካከል የሚያልፈው ነርቭ መጨፍለቁን ይናገራል።

አሁን ቀደም ብዬ ስላነሣሁት ሙቀት ልንገራችሁ። የዛሬ ጫማዎች ብዙዎቹ በልዩ ምድጃ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ለጥቂት ደቂቃ ሞቀው፣ ሳይቀዘቅዙ እግር ላይ ታስረው የእግሩን ቅርጽ እንዲይዙ ተደርገው ይሠራሉ። በዚያን ጊዜ ሰውየው ተቀምጦ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል፤ አይራመድም። ትክክለኛው ሙቀትና ደቂቃ ከሠሪ ሠሪ ስለሚለያይ የሠሪው መመሪያ ይከበር። በከሰል ምድጃ አጠገብ ወይም በእሳት ላይ ለማሞቅ የሚያስብ ሰው ካለ እባካችሁ ተዉት፤ ማስቲሹ ይለቃል፣ ቆዳው ይደርቃል፣ ጫማውም አይመለስም። ሙቀት ያላዳረሰውን ቦታ፣ ማለትም አውራ ጣት ሥር ያለውን እብጠት፣ ትንሿን ጣት፣ የቁርጭምጭሚትን አጥንት፣ ባለሙያው በብረት መወጠሪያ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ወደ እርሱ ስትሄዱ የሚያማችሁን ቦታ በእግራችሁ ላይ በከንፈር ቀለም ቀብታችሁ እግራችሁን አስገቡ፤ ቀለሙ በጫማው ውስጥ ትክክለኛውን ነጥብ ያሳየዋል።

አስተሳሰሩም የስፋት ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ከታች እስከ ላይ እኩል አጥብቆ ያስርና ሰፊ ጫማ ገዝቶ ሳለ ጠበበኝ ይላል። ከጣቶቹ በላይ ያሉት ቀዳዳዎች ላላ ይበሉ፤ እግር በሚታጠፍበት ቦታ፣ ማለትም ከተረከዙ ትይዩ በሆነው ክፍል፣ በደንብ ይጥበቅ፤ ወደ ላይ ባሉት መንጠቆዎች ጉልበት እስኪታጠፍ ድረስ ትንሽ ይላላ። ተረከዙን የሚይዘው የመካከለኛው ክፍል ብቻ ነው።

ስለ ጥንካሬው በአጭሩ ልበል። ጎልማሳ ከልጅ ይከብዳልና ለልጅ የሚበቃው ለስላሳ ጫማ ለእርሱ አይበቃም፤ በሌላ በኩል ለድርብ ዝላይ፣ ማለትም በአየር ላይ ሁለት ዙር ለሚዞሩበት ዝላይ፣ የተሠራ ጠንካራ ጫማ ለጀማሪ አይታጠፍም። መካከለኛውን ምረጡ፤ ክብደታችሁንና የምትለማመዱትን ነገር ለሻጩ በግልጽ ንገሩት። ጫማው ልክ ሆኖ ሳለ ቁርጭምጭሚታችሁ አሁንም ወደ ውስጥ ከወደቀ ደግሞ ጥፋቱ የስለቱ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ስለቱ በመጀመሪያ በጥቂት ብሎኖች ብቻ ይያዝና ከሞከራችሁት በኋላ ጥቂት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ተገፍቶ ይጥበቅ።

ልባሽ ጫማ ለምትገዙ፤ ብዙዎቻችን አማራጭ ስለሌለን እንገዛለን። የቀድሞው ባለቤት እግር ቅርጹን ትቶበታል። በቁርጭምጭሚቱ ላይ ጥልቅ ስንጥቅ ያለበትን፣ በእጃችሁ ስትጨብጡት የሚተኛውን፣ ብሎኖቹ በሶሉ ውስጥ የሚሽከረከሩትን አትግዙ፤ የመጨረሻው ምልክት ሶሉ በውኃ መበስበሱን ያሳያል። ሰፊ እግር ያለው ሰው ግን በልባሽ ጫማ ውስጥ አንዳንዴ ዕድል ያጋጥመዋል፤ ሌላ ሰፊ እግር ያሰፋውን ጫማ ሊያገኝ ይችላል። ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ከተሰብሳቢዎች መካከል አንዲት እናት የጠየቁኝን ጥያቄ እዚህ ማስገባት እፈልጋለሁ። «ልጄ፣ የእኔ እግር ከዓመት ዓመት ይሰፋል፤ አንዱ ከሌላው ይበልጣል፤ ይህም በሰፊ ጫማ ይፈታል ወይ?» አሉኝ። እንዲህ ብዬ መለስሁላቸው፦ እማማ፣ ሁለቱ እግሮችዎ በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢለያዩ የሁላችንም ነው። አንደኛው እያበጠ የሚሄድ ከሆነ፣ ቆዳው ከጠነከረና ማታ የሚያሳክክዎት ከሆነ ግን፣ ከጫማ ቤት በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። በእኛ በጎጃም ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር የሄደ ሰው ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት ሊይዘው ይችላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት እግርን በየቀኑ በመታጠብ፣ ቆዳውን በቅባት በማለስለስና ጫማ በማድረግ ይቀንሳል። እርግማንም አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ሐኪም አይቶ እብጠቱ ከተረጋጋ በኋላ ለመለካት ይምጡ፤ እኔው ራሴ እለካዎታለሁ።

አንድ ወጣት ደግሞ የባለ ጎማው ጫማ ልክ በበረዶው ጫማ ላይ ያገለግል እንደሆነ ጠየቀኝ። ያነሣኋቸው የጣሊያን ሠሪዎችና ሪደል ሁለቱንም ዓይነት ይሠራሉ፤ ስለዚህ ከአንዱ ሠሪ ሁለቱንም የሚገዛ ሰው ልኩ ተቀራራቢ ይሆንለታል፤ ቢሆንም ሁለተኛውን ሳይሞክር አይግዛ።

አሁን ወረቀት ያመጣችሁ ወደ ግድግዳው ቅረቡ። ካልሲያችሁን አውልቁ፤ ከእኔ በስተቀር ማንም አያያችሁም፣ ቢያያችሁም የእኔን እግር አይታችኋል። ተረከዛችሁን ግድግዳው ላይ አስደግፉ፣ ክብደታችሁን በቀኙ ላይ ጣሉ፣ ወደ ፊት እንጂ ወደ ታች አትመልከቱ፤ እርሳሱን እኔ እይዛለሁ። ቀኙን ስንጨርስ ግራውን እንለካለን።